የቀሩት አራት መስመሮች

የበደሉኝ ሰው አቶ ስመኘው ይባላሉ። የበደሉኝም ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ሲቀረኝ፣ በየካቲት ወር፣ በቤተ መጻሕፍታችን የንባብ ክፍል፣ ስድሳ ያህል ሰው በተሰበሰበበት ነው። በጣታቸው እያመለከቱ «ይህን ያደረገችው እሷ ናት፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። እሷ ያሉት እኔን ነው። በማግስቱ ሃያ ስድስት ዓመት ከተቀመጥሁበት የውሰት ጠረጴዛ ተነሥቼ ወደ መጋዘን ተዛወርሁ።

ይህን የምጽፈው በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁና ገና ለምትገቡበት ነው። ስለ አቶ ስመኘው የምለው አለኝ። ስለ ራሴም የምለው አለኝ፤ እሱን ግን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። የሰውን ጥፋት መጻፍ ይቀላል።

ሥራ የገባሁ ዕለት የተረከብሁት አንድ ማኅተም፣ አንድ ጣሳ ኮላ፣ አንድ መቀስና አንድ ጥቅል ካኪ ወረቀት ነበር። ማዕረጌ ረዳት ነው። ቤቱ ባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ሲሆን የሚያስተዳድረው አንድ ማኅበር ነበር። የመጀመሪያው ሥራዬ መጻሕፍት ማስጣት ሆነ። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ሲወጣ መጻሕፍቱ ይሸታሉ፤ ጀርባቸውም ይለቃል። በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፌ አንድ በአንድ እየገለጥሁ ፀሐይ አስመታኋቸው። አንዲት ሴትዮ ከመንገድ ቆማ አየችኝና «አንች፣ በርበሬ ነው ሽሮ የምታሰጭው?» ብላ ሳቀችብኝ። እንዲህ ነው የገባሁት።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ገዳም ተቀምጠው ብራና ይጽፉ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሲሠሩ አይቻለሁ። የሚገለብጥ ሰው ቃል ወይም መስመር ቢዘል ብራናውን አይጥለውም። ከተዘለለበት ቦታ ላይ ትንሽ መስቀል መሰል ምልክት ያደርጋል፤ ያንኑ ምልክት በኅዳጉ ላይ ይደግምና የቀረውን እዚያ ይሞላል። ትእምርተ ኅድገት ይሉታል። «የዘለልኸውን ካየህ ሙላ፤ አይቼ አላየሁም ብሎ ነገር የለም» ይሉ ነበር ለተማሪዎቻቸው። እኔ ሴት ልጅ ነኝና የተማርሁት በማየት ብቻ ነው።

የቤተ መጻሕፍታችን አንባቢዎች ደግሞ በመጻሕፍቱ ኅዳግ ላይ ይጽፉ ነበር። «ውሸት!» ይላል አንዱ በቀይ እስክሪብቶ። «አይ ሴት!» ይላል ሌላው። ሥራ በገባሁ በአራተኛው ዓመት ዘዴ ፈጠርሁ። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አንድ ባለመስመር ወረቀት በኮላ አጣበቅሁና ከላዩ «አስተያየትዎን እዚህ ይጻፉ» ብዬ ጻፍሁበት። የአስተያየት ቅጠል አልሁት። ሰዉ ኅዳጉን ተወና ቅጠሉ ላይ መጻፍ ጀመረ። ቅጠሉ ሲሞላ ቀድጄ ሣጥን ውስጥ አኖርና አዲስ አጣብቃለሁ። አንዳንዱ መጽሐፉን የሚወስደው ቅጠሉን ለማንበብ ነበር።

አቶ ስመኘው ኃላፊ ሆነው የመጡት ከዚያ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። በአንድ ስልጠና ላይ ተነሥተው «እኔ የጀመርሁት የአስተያየት ቅጠል» ሲሉ ሰማኋቸው። ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አላረምኋቸውም። ቂሙን ግን ያዝሁት፤ እስከ ዛሬም አለ።

አሁን ወደ መጽሐፉ ልምጣ። የጦር ሜዳ ልብ ወለድ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ማስታወቂያ ይሆንለታል። ባለታሪኩ አንድ ሻምበል ነው። በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ድልድይ ያፈርሳል፣ ከምርኮ ያመልጣል፣ ከሚነድ መኪና ይዘላል፣ በመካከሉም አንዲት ሐኪም ያፈቅራል። ከሐዲው ደግሞ «ፉጨት» የሚባል ሬዲዮ ያዥ ነው። የጦሩን ቦታ ለጠላት ሸጦ ይከዳል፤ ሻምበሉም በመጨረሻው ምዕራፍ አድኖ ይገድለዋል። ደራሲው የከተማችን ሰው ነው። ጦር ሜዳን የሚያውቀው በጆሮው ሲሆን የቀድሞ ወታደሮችን መጠጥ ቤት እየጋበዘ ያወሩለትን ነው የጻፈው።

አምስት ቅጂ ገዛን። አምስቱም መደርደሪያ ላይ አላደሩም። ቅጠሎቹ በሁለት ወር ሞሉ። አንድ ባጃጅ ነጂ «ሻምበሉ ሰባት ጊዜ ተመትቶ ሮጠ። እኔ አንዴ ከባጃጅ ወድቄ ሦስት ወር ተኝቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሌላ ሰው «ወንድሜ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው፤ ደግሞ አነዳድህን እናውቀዋለን» አለው። አንዲት ነርስ «በዚህ ዓይነት ቁስል ሰው ቆሞ አያወራም፤ ፍቅርማ ጭራሽ» አለች። አንድ ቄስ «ታሪኩ መልካም ነው፤ ስድቡ ግን ለጾም አይሆንም» ብለው ስማቸውን ከነማዕረጋቸው ጻፉ። አንዲት ተማሪ ሙሉ ገጽ ይዛ «ሐኪሟን ለምን ገደልሃት? ለምን? ለምን?» ብላለች፤ እንባ ይሁን ውኃ አላውቅም፣ ቀለሙ ተሰራጭቷል።

አስረስ ከጢስ ዓባይ የሚመጣ አንባቢ ነበር። ወፍጮ ቤት ይሠራል። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ አንድ መጽሐፍ ይመልሳል፣ አንድ ይወስዳል። የመለሰውን መጽሐፍ ስገልጥ ከገጾቹ ስፌት ውስጥ ዱቄት አገኛለሁ፤ በብሩሽ እጠርገዋለሁ። የቀድሞ ወታደር መሆኑን የማውቀው ካርዱን ስሞላ ስለነገረኝ ነው። ከሰላምታ በቀር ብዙ አያወራም። ቅጠል ላይም ጽፎ አያውቅም ነበር፤ በዚህ መጽሐፍ ላይ ግን ጻፈ።

መጽሐፉ ተሽጦ አለቀና ደራሲው ለሁለተኛ እትም ተዘጋጀ። አንድ ቀን ከአቶ ስመኘው ጋር ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

«እትዬ የሺ፣» አለ ደራሲው፣ «ለጀርባ ሽፋኑ ስምንት አስተያየት እፈልጋለሁ። የምሁር አይደለም፤ የተራ አንባቢ። ስምና ሥራ ከሥሩ ይሁን። ወታደር የነበረ ሰው ካለበትማ ወርቅ ነው።»

«አጠር፣ ጣፈጥ ያለውን ምረጭለት» አሉ አቶ ስመኘው።

«መቅድሙ ላይ ስምዎን አሰፍራለሁ፤ የአስተያየት ቅጠሉን የፈጠሩት እርስዎ መሆንዎን ሰምቻለሁ» አለኝ ደራሲው። አቶ ስመኘው መስኮቱን ያዩ ጀመር።

ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ስምንቱን አስተያየቶች በንጹሕ ወረቀት ቀዳሁ። የባጃጁን ሰው ትቼ የቄሱን ወሰድሁ፤ ከሳቸውም «ታሪኩ መልካም ነው» የሚለውን ብቻ። ከተማሪዋ «አለቀስሁ» የሚለውን ወሰድሁ። የአስረስን አንደኛ አደረግሁት። አቶ ስመኘው ዝርዝሩን ሳያነቡ ማኅተም መቱበት።

መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። በጀርባው አናት ላይ እንዲህ ይላል፦ «መጽሐፉን ከጀመርሁት ሳልጨርስ አላስቀመጥሁትም። የተራራውን ብርድና የውኃውን ጥም የጻፈው ልክ እኔ እንዳየሁት ነው።» ከሥሩ የአስረስ ስም፣ «የቀድሞ ወታደር፣ ጢስ ዓባይ»። መቅድሙን ቶሎ ገለጥሁ። ምስጋናው ለአቶ ስመኘው «እና ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች» ነበር። ሠራተኞች የተባልሁት እኔ ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አስረስ መጣ። ቅዳሜ አልነበረም። አዲሱን መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠ።

«እትዬ የሺ፣ እንዴት ከረሙ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ?»

«እኔ የጻፍሁት ስድስት መስመር ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነው ያለው። አራቱ የት ገቡ?»

እሱ ቀጠለ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ አንዲት ተማሪ መጽሐፉን ይዛ መጥታ «ጋሼ አስረስ፣ ስምህ ወጥቷል!» ብላ ለሴቶቹ ጮክ ብላ አነበበችው። እልል አሉለት። ቀጥላም ስለ ፉጨት የሚለውን ምዕራፍ ታነብላቸው ጀመር። ወረፋው ውስጥ አንድ እማሆይ ነበሩ። ልጃቸው ጥበቡ በዚያ ጦርነት ሬዲዮ ያዥ ነበር፤ አልተመለሰም። ጢስ ዓባይ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥበቡ ፉጨት ብሎ ነው። ደራሲው ስሙን ትቶ ቅጽል ስሙን ወስዷል።

«ምን አሉ?» አልሁት።

«‹አስረስ፣ አንተ አየሁ ካልህማ አይተህ ነው› አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። እህላቸውን ሳያስፈጩ ተሸክመው ሄዱ። አሁን የሚያስፈጩት ከማዶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዘው ነው። በዚያ ዕድሜያቸው።» ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዱቄቱ ከጥፍሩ ሥር አይለቅም። «የእጅ ጽሑፌን ይስጡኝ። ስድስቱንም መስመር ያስነብቡት። ሌላ አልፈልግም።»

«የድሮው ቅጂ ለጥገና ሄዶ ቅጠሉ ተቀዷል፤ ጠፍቷል» አልሁት።

ቆሞ አየኝ። «እሺ» ብሎ ወጣ። መጽሐፉን ትቶት ሄደ።

በየካቲት ደራሲው ለአዲሱ እትም ውይይት አዘጋጀ። አንባቢዎች ተራ በተራ ተነሥተው አስተያየት ሰጡ። አስረስ ከኋላ ተነሣና ስለ አራቱ መስመሮችና ስለ ፉጨት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ድምፁን ሳያነሣ። ደራሲው «ልብ ወለድ ነው፣ ወንድሜ፤ ፉጨት የሚባል ሰው ስንት አለ» አለው። አንዱ ከመሃል «ታዲያ አየሁ ብለህ ለምን ጻፍህ?» ብሎ ሳቀ። ያኔ ነው አቶ ስመኘው ጣታቸውን ወደ እኔ የቀሰሩት።

እኔም ተነሥቼ «አጠር ያለውን ምረጭ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ማኅተሙም የእርስዎ ነው» አልኋቸው። «አንድም ቃል አልጨመርሁም» ብዬም ለሰዉ ተናገርሁ። እውነቴን ነው፤ አልጨመርሁም።

መጋዘን ሦስት ዓመት ሠራሁ። መስኮት የለውም። ሥራዬ የተቀደዱ መጻሕፍትን መስፋትና የተወገዱትን መመዝገብ ነበር። አቶ ስመኘውን በየቀኑ እረግማቸው ነበር። ለባልደረቦቼ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለንስሐ አባቴ ሳይቀር አሳጣኋቸው። ሁሉም አዘኑልኝ።

ወደ ኋላ ያቆየሁት ይኸው።

አቶ ስመኘው ያን ቀን የተናገሩት እውነት ነበር። የአስረስን ቅጠል አላዩትም፤ አላሳየኋቸውም። ስድስቱን መስመር ያነበብሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ደግሜ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አንሥቼ መስኮቱን አየሁ። «ልክ እኔ እንዳየሁት ነው» በሚለው ላይ ብቆም ለሽፋን እንደሚያምር አወቅሁ። የቀሩትን ብቀዳ ደራሲው እንደሚቀየም፣ ስሜም ከመቅድሙ እንደሚቀር አወቅሁ። አራት ነጥብ አደረግሁ። ማንም አላዘዘኝም።

ቅጠሉም አልጠፋም ነበር። አስረስ «ይስጡኝ» ሲለኝ ከጉልበቴ በላይ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እጄን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ባወጣው መቁረጤ ይታወቃልና አላወጣሁትም። ወደ መጋዘን ስዛወር በቦርሳዬ ይዤው ወረድሁ። ሦስቱን ዓመት ሙሉ አቶ ስመኘውን ስረግም ቅጠሉ ከእኔ ጋር ነበር።

ጡረታ ስወጣ አቶ ስመኘው ጋቢ አልብሰው ስለ ታማኝነቴ ንግግር አደረጉ። ከዚያ በኋላም አምስት ወር ቤቴ ተቀመጥሁ። አንድ ቀን የአባቴን የድሮ ዳዊት ሳገላብጥ በኅዳጉ ላይ ያችን ምልክት አየኋት። መስመር ዘልለው ኖሮ ሞልተውታል። በማግስቱ ጠዋት የጢስ ዓባይን ሚኒባስ ያዝሁ።

አስረስ ሲያየኝ የወፍጮውን ሞተር አጠፋ። ከወረፋው አንዲት ሴት «ኧረ አስረስ፣ ተራዬ ደርሶ!» ብላ ጮኸች። ዱቄት ለብሶ ወጣ። ቅጠሉን ሰጠሁት።

«ጠፍቷል ብለውኝ ነበር።»

«ዋሽቼህ ነው።»

አነበበው። እጥፍ አድርጎ መለሰልኝ። «እኔማ የጻፍሁትን አውቀዋለሁ። ለእማሆይ ያንብቡላቸው።»

«አንተ ብታነብላቸው አይሻልም?»

«የለም፣ እትዬ። የቆረጠ ሰው ይሙላው።»

እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። አስረስ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ስሜንና የማን ልጅ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። ከመጽሐፉ ጀርባ ላይ የአስረስን ቃል የቆረጥሁ እኔ መሆኔንም ነገርኋቸው።

«ለምን?» አሉ።

«ስሜ መጽሐፍ ላይ እንዲወጣልኝ ብዬ።»

«ወጣልሽ?»

«አልወጣም።»

«እህ» አሉ። ሰፌዱን ከጭናቸው አወረዱ።

አነበብሁላቸው። ሁለቱን የሚያውቋቸውን መስመሮች አለፍሁና ወደ ሦስተኛው ገባሁ። «ሬዲዮ ያዡ ጥበቡ ፉጨት ግን አልከዳም። እግሩን ተመትቶ ነበር፤ ተሸክሜው ትንሽ ከሄድሁ በኋላ አስቀምጬው ሮጥሁ። እየሮጥሁ ሲያፏጭ እሰማው ነበር። እናቱ በሕይወት አሉ፤ መጽሐፉ እንደገና ከታተመ ይህ ይስተካከል።»

«ሲያፏጭ?» አሉ።

«አዎ፣ እማሆይ። እንዲህ ነው የጻፈው።»

«ደግመሽ በይልኝ።»

ደገምሁት። ምስሩን በጣታቸው ወዲያ ወዲህ አሉት።

«አስረስ የታል?»

«ከአጥሩ ውጭ ቆሟል።»

«ይግባ እንጂ። ፀሐይ ላይ ምን ይገትረዋል?»

እሱ ሲገባ እኔ ወጣሁ። የተባባሉትን አልሰማሁም። ቅጠሉን እማሆይ ዘንድ ትቼዋለሁ። እህላቸውን አሁን የት እንደሚያስፈጩ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ የሚገባኝም አልመሰለኝም።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። የሰውን ቃል ስትቀዱ መጨረሻው ካልተመቻችሁ ጭራሽ አትቅዱት። መጀመሪያውን ብቻ ወስዳችሁ ከሥሩ ስሙን አትጻፉ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን እትም መፈለግ ጀመርሁ። ባሕር ዳር ያሉትን መጽሐፍ አከራዮች በሙሉ ዞርሁ፤ ዘንዘልማ አዲስ ሰፈር ያሉ ሰዎች ቤት ገባሁ፤ ሐሙሲት አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ለደንበኛ የሚነበብ ቅጂ አለ ሲሉኝ ሄድሁ። ባለቤቱን አስፈቅጄ በጀርባው ከሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ የአባቴን ምልክት አደርጋለሁ፤ ምልክቱን በጎን ደግሜ አራቱን መስመሮች እሞላለሁ፤ ከሥራቸው «የዘለለችው የሺ ናት» ብዬ እጽፋለሁ። እስካሁን አርባ አንድ ቅጂ ሞልቻለሁ። አቶ ስመኘው የራሳቸውን ቅጂ ባለመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ አልሰጡኝም።